ተኝቶ የመጣው ፕላዝማ

እኛ አገር ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሁሉ «ፕላዝማ» ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እውነተኛውን ያገኘሁት ፍኖተ ሰላም፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ጥገና ቤት ውስጥ ነው። በሁለት መስታወቶች መካከል ጋዝ የሞላባቸው እልፍ ጥቃቅን ጓዳዎች አሉት፤ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው እያንዳንዳቸው ራሳቸው ያበራሉ። ስለዚህ ጥቁሩ የምር ጥቁር ነው፤ ጥግ የተቀመጠ ሰውም ፊት ለፊት እንዳለው አጥርቶ ያያል። ታዲያ መብራት ይበላል፣ ይግላል፣ ክብደቱ ወገብ ይቆርጣል። በዚህኛው ላይማ የአንድ ጣቢያ ምልክት ታትሞ ቀርቷል። ጠጋኙ «አደራ፣ አቁመህ ውሰደው፤ ካስተኛኸው መስታወቱ ይሰነጠቃል» አለኝ። እሺ እሺ እያልኩ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣሁ።

የቸኮልኩት ለአባቴ ነው። እህቴ ባለፈው ጥር ስትዳር ታመው ተኝተው ስለነበር ሠርጓን አላዩም። ቪዲዮውን በስልኬ ባሳያቸው ዓይናቸው አልለይ አለ፤ «ይኸ ጉንዳን ነው እንጂ ልጄ አይዶለችም» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲያ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ።

ቴሌቪዥኑን በጉልበቶቼ መካከል አቁሜ እስከ ጅጋ አደረስኩት። ከአስፋልቱ ወደ መንደራችን ግን መኪና አይገባም፤ ጎረቤቶቻችን ቃሬዛ ይዘው ጠበቁኝ። በሽተኛ ሆስፒታል የምናደርስበት ያው ቃሬዛ ነው፤ ጋቢ አንጥፈውበታል። ተቀብለውኝ በጀርባው አስተኙት፣ ሌላ ጋቢ አልብሰው በገመድ አሰሩት፣ በየተራ ትከሻ እየተቀባበሉ መንገድ ጀመሩ። መናገር ነበረብኝ። አቁሙት ካልኩ ግን ማስረዳት፣ መፍታት፣ እንደገና ማሰር ሊመጣ ነው፤ የእኔ ልብ ደግሞ ቀድሞ ቤት ገብቶ ሶኬት ይፈልጋል። «ቀስ በሉ» ብቻ አልኩ። እነሱስ ከእኔ ይልቅ ቀስ ይሉ ነበር።

ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አባቴ የክት ጋቢያቸውን ለብሰው መደብ ላይ ተቀመጡ። የሠርጉን ቪዲዮ የገለበጥኩበትን ፍላሽ ሰክቼ አበራሁት። መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ምስል የሚባል የለም። ድምፁ ብቻ መጣ፤ እልልታ፣ ከበሮ፣ የእህቴ ሳቅ።

በራሴ ተናደድኩ፤ አፈርኩም። ልነቅለው ስል አባቴ እጄን ያዙኝ።

«ተወው፣ ይሰማ። አንተ ነበርህ አይዶል? ንገረኝ እንጂ። አሁን ምን እያደረገች ነው? ምን ለብሳለች?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አዎ፣ ነበርኩ። ድንኳን ስገባ ስወጣ፣ ስልክ ስመልስ፣ ሾፌሮቹን ስቆጣ፣ ቪዲዮ አንሺውን «ቶሎ በል» ስል ነው የዋልኩት። እህቴን ቆም ብዬ ያየሁበት ደቂቃ ትዝ አልልህ አለኝ።

«ነጭ ነው የለበሰች፣ አባባ» አልኩ።

«ነጭማ ሙሽራ ሁሉ ይለብሳል» አሉ አባቴ፣ እጄን ሳይለቁ። «ፊቷስ?»