ከእንፋሎት የወጣችው ባለመስመር

ሰፈሩ «ካውያ» ይላታል። ልብስ ተኳሽ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የተጨማደደ ነገር ስታይ እጇ አርፎ አይቀመጥም። ባሏ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ጋዜጣውን ወንበር ላይ ትቶ ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ በአራት ታጥፎ ያገኘዋል።

«አንቺ ሴት፣ አንድ ቀን እኔንም ተኝቼ ሳለሁ አጥፈሽ ቁም ሳጥን እንዳትከቺኝ» ይላታል።

«አንተ አትታጠፍም፤ ሆድህ አያስችልም።»

ዕድሜዋን የፈጀችበት ላውንደሪ ምድር ቤት ነው። አብራት የኖረችው አጣቢዋ ነች፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የባሰ። አንድ ደንበኛ ቤት ሲቀይር ጥሎት የሄደውን ተክል አምጥታ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ መስኮቱ ላይ ያስቀመጠችው አጣቢዋ ነበረች። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ በጥቁር አረንጓዴው ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት፣ ሆዱ ወይን ጠጅ ነው። «ባለመስመሯ» አሏት። ማንም ሳይንከባከባት በእንፋሎቱ ውስጥ ተንሰራፍታ መስኮቱን ሸፈነችው።

ከዚያ አጣቢዋ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና አደረገች። የላውንደሪው ባለቤትም አዲስ ማሽን ሊተክል ነውና መስኮቱ ይጽዳ አለ። ባለመስመሯን ካውያ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። አጣቢዋ ሆስፒታል ተኝታ በስልክ አስጠነቀቀቻት፦

«እስክድን ያንቺ አደራ ነች። ልጅ የለኝም እንዳልል አንዲት አለችኝ፣ እሷም ማሞቂያ ከመለኮስ ሌላ አታውቅም። እሷ ዘንድ ሳገግም ባለመስመሯን መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«አንድ ቅጠል አይጎድልም» አለች ካውያ። ቃል ገባች።

ካውያ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የክብር እንግዳ ናት ብላ ሳሎን ውስጥ የተሻለው ቦታ ላይ አስቀመጠቻት፤ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው በላይ ባለው መደርደሪያ። ብዙም ሳይቆይ የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡናማ ሆነ። ካውያ ቀለሙን አወቀችው፤ የጋለ ካውያ ሥር አንድ አፍታ የቆየ ነጭ ሸሚዝ ነው የሚመስለው። ጠማት ብላ አጠጣቻት። ቅጠሎቹ ተጠቀለሉ። ጨምራ አጠጣቻት። የታችኞቹ ቢጫ ሆኑ፣ አፈሩም መሽተት ጀመረ።

ያን ጊዜ የሙያዋን ነገር አሰበች። ከመጠን በላይ የደረቀ ሸሚዝ ዝም ብሎ አይተኮስም። ውሃ ይረጭበታል፣ ይጠቀለላል፣ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ ያድራል፤ ጠዋት እርጥበቱ ከአንገትጌ እስከ እጅጌ እኩል ደርሶ ይገኛል። ባለመስመሯንም ረጨቻት፣ ለሙሉ ልብስ መሸፈኛ የሚሆነውን ረጅም ላስቲክ አለበሰቻት፣ ከሥር ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

«ለሠርግ ነው?» አለ ሹፌሩ።

በማግስቱ ቅጠሎቹ ተዘረጉ። ካውያ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ላስቲኩንም እንደታሰረ ተወችው። ስህተቷ እዚህ ላይ ነበር። ሸሚዙ እኮ ጠዋት ይፈታል። እሷ ግን ሳትፈታ ሰነበተች። በመጨረሻ ስትከፍተው ቅርጫት ውስጥ ተረስቶ የከረመ እርጥብ ፎጣ ሽታ ወጣ። ቅጠሎቹ ላይ ግራጫ ሻጋታ ነበር፤ ግንዶቹ ከሥራቸው ተልፈስፍሰው ወድቀዋል።

ያን ቀን አጣቢዋ ደወለች።

«ባለመስመሯ ልጄስ?»

«ደህና ነች።»

«አደገች?»

«... አልጠበበችም።»

ሹፌሩ ከጋዜጣው ቀና አለ። «አልጠበበችም? ይሄ ምን ዓይነት መልስ ነው?» ካውያ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ብዙ ዓመት ጎን ለጎን ቆመው ሲሠሩ ለዚያች ሴት ዋሽታ አታውቅም ነበር።

ባለመስመሯን ከመትከያ ማሰሮዋ አወጣቻት። ሥሯን አጠበች፣ የጠቆረውንና የላመውን በክር መቀሷ ቆርጣ ጣለች፣ ሻካራ አሸዋ በተቀላቀለበት አዲስ አፈር ተከለቻት። ከዚያ ቁጭ ብላ ላውንደሪውን አስታወሰች። እዚያ አፈሩ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነበር። ቅጠሏ ላይ ውሃ የሚረጭም አልነበረም። እርጥቡ አየሩ ነበር፤ በሩም በደንበኛ ሲከፈትና ሲዘጋ ስለሚውል አየሩ ታፍኖ አይቆይም ነበር።

ትንሽ የአየር እርጥበት መለኪያ ገዛች። ይዛው ቤቱን ዞረች። ማሞቂያው አጠገብ መርፌው ደረቅ ወደሚለው ወደቀ። ወጥ ቤት ትንሽ ተሻለ። ሹፌሩ ታጥቦ በወጣ ቁጥር መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መርፌው ወደ ላይ ይወጣና ረጋ ብሎ ይቆያል። እዚያ ደብዘዝ ያለ መስታወት ያለው መስኮት ስላለ ብርሃንም አይጠፋም።

«እና ከእንግዲህ ራቁቴን እንግዳ ፊት ልቆም ነው?» አለ ሹፌሩ።

«እሷ አትሳለቅብህም፤ አይዞህ።»

ከመስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አኖረቻት። ከሥሯ ጠጠር የሞላው ትሪ አደረገች፤ ውሃው ጠጠሩን እንጂ የመትከያውን ቂጥ እንዳይነካ። ጠጠሩ ብቻውን ብዙ እንደማይሠራ መርፌው ነግሯታል፤ ስለዚህ ሌሎች ተክሎቿንም አምጥታ አጠገቧ ደረደረች፣ ተሰብስበው እርስ በርሳቸው አየሩን ያረጥቡታል። ሻወር በተወሰደ ቁጥርም መስኮቱን ገርበብ ታደርጋለች።

አጣቢዋ ሳትደውል መጣች፤ ምርኩዝ ይዛ፣ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላ።

«የት አለች?»

ካውያ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ሰው አለ ውስጥ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ወታደር ነሽ?»

«ገድያት ነበር» አለች ካውያ፣ ከበሩም ዞር አለች።

መስኮት ትሸፍን ከነበረችው የቀሩት ጥቂት ቅጠሎችና አንድ ገና ያልተፈታ አዲስ ጥቅል ቅጠል ነበሩ። አጣቢዋ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች።

«ደህና ነች ብለሽኝ ነበር።»

«ጉልበትሽ ተቀዶ ተኝተሽ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«የተቀደደው ጉልበቴ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም። ምን አደረግሻት?»

«ረጭቼ በላስቲክ ጠቀለልኳት።»

«እንደ ሸሚዝ?»

«እንደ ሸሚዝ።»

«የአንገትጌ ማጠንከሪያውን ስታርችስ አላደረግሽባትም?» አለች አጣቢዋ። ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው ግን ፊቷን መልሳ አኮሳተረች። «በይ አንሺልኝ፣ ልሂድ።»

«ዛሬ አትሄድም። ያንቺ ነች፣ አልካድኩም። ግን ልጅሽ ቤት ማሞቂያው የት ነው?»

«አልጋዬ ሥር።»

«መስኮቱስ?»

«ብርድ እንዳይመታኝ ብላ አሽጋዋለች።»

ሁለቱም ጥቅሉን ቅጠል አዩ። አጣቢዋ እጇን ዘርግታ መለኪያውን ከመስኮቱ ሥር አነሳችና ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። ካውያን ቀና ብላ ሳታያት ወጣች።

በማግስቱ ስልክ ጮኸ።

«ይሄ መርፌሽ ደረቁ ላይ ተኝቷል» አለች አጣቢዋ። «ምን ላድርገው?»

«ማሞቂያውን ከአልጋው አርቂው። እኩለ ቀን ላይ መስኮቱን ትንሽ ክፈቺ። እርጥብ ፎጣም ወንበር ላይ አስጪ።»

«ለኔ ነው ለሷ?»

«ለሁለታችሁም።»

«እሷስ ዛሬ እንዴት ነች?»

ካውያ ስልኩን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች፣ ጎንበስ ብላ አየች። «ጥቅሉ ግማሽ ተፈቷል። ግን ከአሮጌዎቹ የአንዱ ጫፍ ደግሞ ቡናማ ሆኗል፤ በእርግጥ ትተርፋለች ማለት አልችልም።»

«እሰይ» አለች አጣቢዋ። «አሁን አመንኩሽ። ነገም እደውላለሁ።»