ለሁለት ሰው የተከራየሁት ቤት

ከአገር የወጣሁ ምሽት ሚስቴ ዘሃራ ዱላዬን ቅቤ እየቀባች ነበር። ከብቶቹ ገብተዋል፣ መግሪብ ተሰግዷል፣ እናቴ ለስንቅ የሚሆን የማሽላ ቂጣ በጨርቅ ትቋጥራለች፤ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ግን ማንም አያነሳውም። በዚያ ሰሞን የቆቦ ገበያ በወታደር ተከቦ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ተወስዷል። እኔ የተረፍኩት ጎርፍ ወደ ማሳዬ ስጠልፍ ስለዋልኩ ነው። በማግስቱ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር እናቴን መንገድ ላይ አገኛትና፣ «ሰይድን ነገ ጽሕፈት ቤት ላኪው፣ እሱም ይዘምታል» አላት። አንድ ሌሊት ስለሰጠን እናቴ እስከዛሬ ትመርቀዋለች።

ስለ ዱላው ትንሽ ላውራ፤ የራያ ሰው የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለሌላው ነው። እኛ ዘንድ ወንድ ያለ ዱላ ከቤት አይወጣም። ገበያ መሃል ሰው ከሩቅ የሚለየው ከፊቱ ቀድሞ በዱላው ነው። ቤት ሲገባ ደግሞ ዱላውን በሩ ላይ አቁሞ ይገባል፤ አላፊ አግዳሚውም ያንን አይቶ እዚህ ቤት እገሌ አለ ይላል። የኔ ዱላ የዘሃራ አባት በሰርጋችን የሰጡኝ ወይራ ነበር። ራሱ ላይ የነሐስ ሽቦ የጠመጠመችበት ዘሃራ ናት። ነሐሱ መሃል ላይ ሲያልቅባት በቀይ የመዳብ ሽቦ ስለቀጠለችው፣ እንዲያ ያለ ዱላ በአገሩ ሌላ አልነበረም።

«ጅቡቲ ስትገባ ላክብኝ፤ እመጣለሁ» አለችኝ ቅቤውን እያሸች።

«ቤት ሳልይዝ አልልክብሽም።»

«እንግዲያ ለሁለት ሰው የሚበቃ ያዝ። ከሰው ጋር ተዳብዬ አልኖርም፣ ወላሂ።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከተጋባን ገና አንድ አዝመራ ብቻ አብረን ሰብስበናል። ዱላውን ከእጇ ተቀብዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ የኑሮዬ ነገር ሁሉ ለሁለት የሚበቃ ቤት ማግኘት ሆነ።

የዞብልን ተራራ ተሻግረን ወደ አፋር በረሃ የወረድነው ሦስት ሆነን ነው። መሪያችን ሐመዱ ይባላል፤ ቆቦ ገበያ ጨው የሚያመጣ፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እኛ ቤት የሚያድር የአፋር ሰው ነው። ሌላው የዋጃው ካሳ ነበር። ካሳ ከአፈሳው መኪና ላይ ዘሎ ያመለጠ ስለሆነ እጁ ባዶ ነው፤ ዱላም ጋቢም የለውም። እሱ ክርስቲያን እኔ እስላም፣ ቂጣውን ግን ከአንድ ጨርቅ ላይ ቆርሰን በላን። ወሬ ይወዳል። እናቱ ዋጃ ላይ ጌሾ ትሸጣለች፤ እሱ ጅቡቲ ገብቶ ሹፌርነት ይማርና አንድ ቀን በመኪና መጥቶ ከጌሾዋ ጋር ጭኖ ይወስዳታል። ለምን ጌሾውን ጭምር እንደሚጭን ስጠይቀው፣ «እሷ ጥላው አትሄድማ» አለኝ።

በመንገዱ ላይ ያስደነቀኝ የአፋሮቹ ወሬ አያያዝ ነው። ሁለት ሰዎች በዚያ ባዶ ሜዳ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቀመጡና ያዩትን የሰሙትን ሁሉ፣ የዘነበበትን፣ የታመመውን፣ የጠፋችውን ግመል ሳይቀር ተራ በተራ ይነጋገራሉ። ዳጉ ይሉታል። የሰማውም ሰው ለሚቀጥለው ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሰዋል። የእኛ መንግሥት ሬዲዮ ከእነሱ ቢማር ብለን ከካሳ ጋር ሳቅን።

ካሳን ወባ የጣለው በረሃውን አጋምሰን ሳለ ነው። ግመሉ ላይ አሰርነው፣ ውሃ ሰጠነው፣ ውሃውን ሆዱ አልይዝ አለ። አንድ ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ስንደርስ «እናቴ» እያለ ሞተ። በጋቢዬ ገነዝነው፣ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ከመርንበት፤ ጸሎቱን ስለማላውቅ የማውቀውን ዱዓ አደረግሁለት። ከዚያ ዱላዬን ራስጌው ላይ ተከልኩት።

«ምን ታረጋለህ? ሙት ከብት አይነዳ» አለኝ ሐመዱ።

«ከአገራችን ሰው ቢያልፍ፣ እዚህ የራያ ሰው አለ ይበል። እንዲሁ ክምር ድንጋይ ሆኖ አይቅር።»

ሐመዱ ትከሻውን ሰበቀ። ድንበሩ አጠገብ አድርሶኝ ወደ ዘመዶቹ ወደ ደቡብ ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ቆቦ ገበያ አልወጣም።

ጅቡቲ ገባሁ። ቆቦ ይሞቃል ትላላችሁ፤ ይሞቃል። ግን የቆቦ ሙቀት ሲመሽ ከዞብል በኩል ነፋስ ይመጣና ይለቅሃል። እዚህ የሚያቃጥለው ነፋሱ ራሱ ነው፣ ከምሲን ይሉታል፤ ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ እርጥብ አንሶላ ለብሶ ያድራል። ዳቦው ክንድ ያህላል፣ ባጌት ነው ስሙ፣ ሲበሉት ቅርፊቱ ድድ ይልጣል። ማሽላ የሚበላ ሰው ሲያጡ ለፍየል ይሰጡታል። ሰፈሩ ስም እንኳ የለውም፣ ኳርቲዬ አንድ፣ ኳርቲዬ ሁለት እየተባለ ይቆጠራል። ከሁሉ የከፋኝ ግን ሰላምታ ማጣት ነው። እኛ አገር ሰላም ሲባባሉ ከብቱም ማሳውም ይጠየቃል፤ እዚህ ሰው ገፍቶህ ያልፋል። ሥራ ያገኘሁት ፖርቱ ላይ በኩሊነት ነው። ከመርከብ የማወርደው የእርዳታ ስንዴ ሲሆን፣ ጆንያው ላይ ወደ አገሬ እንደሚሄድ ተጽፎበታል ብለው አነበቡልኝ። ስንዴው ወደ አገሬ ሲሄድ እኔ መሄድ አልችልም።

ወረቀት ፍለጋ ወደ ስደተኛ መዝጋቢው ቢሮ ሄድኩ። ሹሙ ፈረንሳይኛ ይናገራል፣ መሃላችን አንድ የድሬዳዋ ልጅ ያስተረጉማል።

«ከጦርነት ነው ከረሃብ የመጣኸው?»

«ከሁለቱም፣ ጌታዬ።»

«አንዱን ምረጥ።»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ረሃብ ካልክ ስደተኛ አይልህም። ጦርነት በል» አለኝ።

«ከጦርነት» አልኩ።

«የትኛው ግንባር ተዋጋህ?»

«አልተዋጋሁም። እንዳልዋጋ ነው የወጣሁት።»

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጦርነቱን ካላየኸው ከሱ እንዴት ሸሸህ?»

እኔ መልስ ስፈልግ ከላይ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ጫት የሚያመጣው አውሮፕላን ነው፤ እሱ ሲገባ በዚህ ከተማ ሥራ ያበቃል። ሹሙ ተነሳ። «ሌላ ቀን ይምጣ፣ እስከዚያ ያስብበት» ብሎ አስነገረኝና ሄደ። ሌላ ቀን ሄድኩ፣ ሌላ ሹም ነበር፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ፓፒዬ የሚሉትን ወረቀት አላገኘሁም። ስለዚህ ፖሊሶቹ ወረቀት የሌለውን ለማፈስ ሲወጡ እደበቃለሁ። እዚህ አፈሳ ራፍል ይባላል፤ ከስሙ በቀር ከቆቦው የተለየ ነገር አላየሁበትም።

ቢሆንም ከብዙ ወራት ኩሊነት በኋላ ቤት አገኘሁ። አከራዩ ሐጂ ሳሊም የየመን ዘር ናቸው፤ ድሬዳዋ ነግደው ስለነበር አማርኛ አያቅታቸውም። ቤቱ ጣውላና ቆርቆሮ ነው።

«ስንት ሰው ናችሁ?» አሉኝ።

«ሁለት። እኔና ሚስቴ።»

«የታለች?»

«መንገድ ላይ ናት።»

«ጥሩ። ኪራዩ በሰው ነው። የሁለት ሰው ትከፍላለህ።»

«እሷ እኮ ገና አልገባችም፣ ሐጂ።»

«ቦታዋ ገብቷል። እዚያ ቦታ ላይ እኔ ሌላ ኩሊ አስተኛ ነበር። ያልመጣች ሚስት ውሃ አትጨርስብኝም፣ እሱን አመሰግናለሁ። ቅናሽ ግን የለም።»

ከፈልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት። ሁለተኛ ሰሌን ገዛሁና ከኔው ጎን ዘረጋሁት፤ ማታ ማታ ወደዚያ ሳልንፏቀቅ እተኛለሁ። በሩ ላይ የማቆመው ዱላ ልገዛ ፈልጌ ሐጂው ከለከሉኝ፤ ፖሊስ ካየው ለጠብ የተዘጋጀ ይመስለዋል አሉ። እሺ ብዬ ተውኩት።

እስከዚያ ለምን ወሬ አልላክህላቸውም የሚለኝ ሰው አለ። በዚያ ዘመን ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ማን እጅ ገብቶ እንደሚከፈት ታውቃላችሁ። ከዘመቻ የሸሸ ልጅ አላት ከተባለ የእናቴ ማሳ ለሌላ ይሰጣል። በአፍ የሚያደርስ የታመነ ሰው ስጠብቅ ከዓመት በላይ ሄደ። በመጨረሻ አሚናት የምትባል የኮምቦልቻ ልብስ ነጋዴ አገኘሁ። ወደ ቆቦ ትሄድ ነበር። እናቴንና ዘሃራን እንድታገኛቸው፣ በሕይወት እንዳለሁ፣ ቤትም እንደያዝኩ እንድትነግራቸውና በተቆረጠ ቀን ቆቦ ቴሌ፣ ስልክ ቤቱ፣ እንድትቀጥራቸው አደራ አልኳት። ጥሪውን ያስያዝኩት በሷ ስም ነው።

ቀኑ ደረሰ። ፖስት ቤቱ ውስጥ እንደ ቁም ሳጥን ጠባብ የሆነች የስልክ ክፍል አለች፣ እዚያ አስገቡኝ። ጅቡቲ አዲስ አበባን፣ አዲስ አበባ ደሴን፣ ደሴ ቆቦን ጠራ። ቆይቶ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ሰይድ ነኝ።»

«የቀኝ ክንድህ ጠባሳ ከምን ነው?» አለች።

«እማዬ…»

«ንገረኝ።»

«ግመል ነክሶኝ። የሐመዱ ግመል።»

የስልኩ ሽቦ ሽሽ ሲል ሰማሁ፣ ወይም ትንፋሿ ነው። «ያረቢ» አለች። «እንግዲያ የማንን ልጅ ነው ያለቀስነው?»

ከዚያ ነገረችኝ። እኔ በወጣሁ በወራቱ አፋሮች ገበያ ሲወጡ ዳጉውን ይዘውት መጡ፤ ከጉድጓዱ አጠገብ አዲስ መቃብር አለ፣ ራስጌው ላይ የወይራ ዱላ ተተክሏል፣ ነሐስ ተጠምጥሞበት መሃሉ በመዳብ ተቀጥሏል። ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አደረሱት። ማንን ይጠይቁ? ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሰደቃዬን አወጡ፣ ሊቀመንበሩም መጥቶ ስሜን ሰረዘ።

«የዋጃው ካሳ ነው፣ እማዬ። እናቱ ጌሾ ትሸጣለች።»

«አውቃታለሁ። አሁንም በር በሩን ታያለች። እኔው እሄዳለሁ፤ ልጅሽ ሳይለቀስለት አልቀረም፣ እኔ አልቅሼለታለሁ እላታለሁ።»

«ዘሃራስ?»

ደግሜ ጠየቅሁ።

«ባል የሞተባት የምትጠብቀውን ወራት፣ ዒዳዋን ጨርሳ ነው፣ ልጄ። አባቷ ለሮቢት ሰው ዳሯት። በሯ ላይ የሌላ ሰው ዱላ ቆሟል።» ከዚያ ቶሎ ቶሎ እያለች፣ «ሸኹን ጠይቀናል። በሕይወት ካለ ምርጫው የሱ ነው፣ ከፈለገ ትመለስለታለች ብለዋል። አብራኝ መጥታለች፣ ደጅ ናት። ልጥራት?»

ጥሪያት አልኩ።

«ሰይድ» አለች ዘሃራ። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ዱላዬን ለምን ጣልከው?»

«አልጣልኩትም። ሰውዬው ምልክት አልነበረውም።»

«እሱስ ምልክት አገኘ። እኛ አንተን ቀበርንበት።» ስታለቅስ ሰማኋት። «ነፍሰ ጡር ነኝ አሁን። ነይ ካልከኝ እመጣለሁ፣ ቃሌ ነው። ቤቱን ይዘሃል አሉኝ።»

ይዣለሁ ማለት ፈለግሁ። ሁለተኛውን ሰሌን ልነግራት ፈለግሁ። የበረሃውን መንገድ፣ ጉድጓዱን፣ ውሃ አልይዝ ያለውን የካሳን ሆድ አሰብኩ፤ እሷን ከነእርግዝናዋ እዚያ በረሃ ውስጥ አየኋት። ሮቢት ያለውን ሰው አላውቀውም፣ በዚያች ሰዓት ጠልቼዋለሁ፤ አሁንም አልወደውም።

«ክፉ ሰው ነው?» አልኳት።

«አይደለም።»

«እንግዲያ ዱላው በቆመበት ይቁም።»

«አብሽር፣ ሰይድ» አለችኝ። ለቅሶ ቤት የምንባባለው ቃል ነው፤ የራሴን ለቅሶ የደረሰችኝ መሰለኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት መስመሩ ላይ የሌላ ሴት ድምፅ ገባ፣ «ቴርሚኔ?» አለች፣ ጨረስክ ወይ ማለቷ ነው። አዎ ሳልል፣ አይደለምም ሳልል ቆረጠችው።

ወሩ ሲያልቅ ሐጂ ሳሊም ኪራያቸውን ሊወስዱ መጡ። ሁለቱን ሰሌኖች አዩና ተቀመጡ።

«አንድ ጥሩ ልጅ አግኝቻለሁ፣ ኩሊ ነው፣ አያንኮራፋም። ሚስትህ ካልመጣች በዚያኛው ላይ ይተኛ፤ ለአንተም ይቀልልሃል። ትመጣለች ወይስ አትመጣም?»

«መንገድ ላይ ናት፣ ሐጂ» አልኳቸው፤ የሁለት ሰውም ከፈልኩ።