ያልሞላችው አረንጓዴ ሲኒ

ዓምደሚካኤልን የሥራ ጓደኞቹ "ወንጂ" ነበር የሚሉት። አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ አንድ የመኪና ማቆሚያ አለ። እዚያ መግቢያው ላይ ባለችው ጠባብ የመስታወት ቤት ተቀምጦ ትኬት መስጠትና ሂሳብ መቀበል ነው ሥራው። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ፔርሙዙን በብብቱ ሸጉጦ ነው። ሻዩ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ጥቁር ሻይ ነው፤ ስኳሩ ደግሞ ማንኪያ ያቆማል። አብሮት የሚሠራው ዋቅጅራ አንድ ቀን ቀመሰና፣

"ሰውዬ፣ ይሄ ሻይ ነው እንዴ? ወንጂ ፋብሪካን ከነሸንኮራው ነው የቀዳህልኝ!" አለው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ወንጂ ሆኖ ቀረ።

ዓምደሚካኤል አይቆጣም። ከተፈጥሮው ዝምተኛ ነው፣ ሰው ፊት መናገር ያፍራል። ቤተ ክርስቲያን እንኳን ሲሄድ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነው የሚቆመው። ከሰው ጋር የሚያገናኘው ሻይ ነው። ሰው ሲመጣ "ሻይ ልቅዳልህ?" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ወሬ እንግዳው ራሱ ይችለዋል።

በሁለት ሺህ አስራ አንድ፣ በሰመር፣ እግሩን ይደነዝዘው ጀመር። ሚስቱ ስሂን እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ስኳር ተገኘበት።

"ክኒኑን ትወስዳለህ" አለው ሐኪሙ። "ግን ስኳር መጠጣቱን ካልተውክ፣ ይሄ ቁጥር ካልወረደ፣ መርፌ መጀመራችን ነው።"

ዓምደሚካኤል መርፌ ይፈራል። ከመርፌው ይልቅ ግን ያስጨነቀው ሻዩ ነው። ያለ ስኳር ሻይ ምን ሊሆን ነው? ያለ ሻይስ እሱ ከማን ጋር ሊቀመጥ ነው?

እስቲ ብሎ ያለ ስኳር ሞከረው፣ አልወረደለትም። የስኳር ምትክ የሚባለውንም ሞከረ፤ አፉ ውስጥ ሳንቲም የያዘ መሰለው። ስሂን ስኳር የሚባል ነገር ከቤት አጠፋች። እሱ ደግሞ ከጥጉ ቡና ቤት በትንንሽ ወረቀት የታሸገውን ስኳር እያፈሰ ኪሱ ይከት ጀመር። አንድ እሁድ ስሂን ሎንድሪ ስታወጣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ወረቀት ተለጣጥፎ አገኘች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሪሲት ነው።"

"ሪሲት? ሪሲት ላይ 'ሹገር' ብለው መጻፍ ጀመሩ?"

ልጃቸው ትህትና ከሶፋው ላይ ቀና ብላ፣ "ዳድ! ሲሪየስሊ?" አለችው። ዓምደሚካኤል አቀርቅሮ ካልሲዎቹን ማጣመር ጀመረ።

ከፓርኪንጉ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ሱቅ አለች። የቻይና ሻይ ቅጠልና የሻይ ዕቃ ብቻ ነው የሚሸጥባት። ባለቤቷ ሚስስ ሹ ወደ ሰባው የተጠጉ ቻይናዊት ናቸው። መኪናቸውን የሚያቆሙት እሱ ዘንድ ነው። ያን ዊንተር በረዶ ጥሎ አድሮ፣ ዓምደሚካኤል ማንም ሳያዘው መኪናቸውን ጠረገላቸው። ሲመለሱ አዩት። በጣታቸው ጠሩት።

"ማይክል፣ ና። ሻይ።" ሙሉ ስሙ አይያዝላቸውም። እንግሊዝኛቸው ልክ እንደሱ የተሰባበረ ነው፤ ለዚህ ይሆናል እሳቸው ፊት ምላሱ ብዙ የማይታሰረው።

ከመደርደሪያ ያወረዷት ሲኒ ጆሮ የላትም። ይሄ አልገረመውም፣ የእኛም ሲኒ ጆሮ የለውም። ቀለሟ ግን አስደነቀው፤ ፈዛዛ አረንጓዴ ናት፣ የወይራ ቅጠል ገልበጥ ሲል የሚያሳየው ዓይነት። ጠጋ ብሎ ሲያያት ግን ከአፏ እስከ ታችዋ በቀጫጭን መስመር ተሰነጣጥቃለች። ሚስስ ሹ ቀዱ፣ ቀዱና ሳይሞሉት ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረጉት።

እንግዲህ ዓምደሚካኤል ባደገበት ቤት ለእንግዳ የሚቀዳ ነገር ከአፍ እስከ ገደፉ ነው። ጎደል አድርጎ መቅዳት እንግዳውን መናቅ ነው። በተሰነጠቀ ዕቃማ ጨርሶ አይታሰብም። ያም ሆኖ ጠጣው። የራሰ ሳር ሳር አለው። አመስግኖ ወጣ።

"ጎዶሎ ነው የቀዱልኝ" አለው ለዋቅጅራ።

"በምን?"

"በተሰነጠቀ ሲኒ።"

"ወይ ጉድ! አንተ በረዶ ጠርገህ? በል እንግዲህ ሁለተኛ አትሂድ።"

ቢሆንም ያጠጣን ሰው መልሶ አለማጠጣት ደግሞ ለእሱ አይሆንለትም። በሳምንቱ ሚስስ ሹ መኪናቸውን ሊያወጡ ሲመጡ ከፔርሙዙ ቀዳላቸው። በትልቅ የወረቀት ኩባያ፣ ጢም አድርጎ፣ አንድ ጠብታ እንኳን የማይጨምር እስኪሆን። ሚስስ ሹ ኩባያውን አዩት። እሱን አዩት። አንዴ ብቻ ፉት ብለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ሄዱ።

"ናቁኝ" አለ ዓምደሚካኤል። የተረፈውን ራሱ ጠጣው፣ ከነስኳሩ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታቸው በሩቁ ሆነ። የሐኪሙ ቀጠሮ እየቀረበ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቱን እየወጋ ሲለካው ስኳሩ ያው ነው። ስሂን ቁጥሩን አይታ መናገሩንም ትታዋለች፤ ዝምታዋ ደግሞ ከንዝንዙ ባሰበት።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ የሚገባም የሚወጣም መኪና ጠፍቶ በመስታወቱ ወደ ሱቋ ያይ ነበር። ሱፍ የለበሰ፣ ዕቃ በካርቶን የሚያስጭን ደንበኛ ገብቷል። ሚስስ ሹ ያንኑ ዓይነት የተሰነጣጠቀ አረንጓዴ ሲኒ አወረዱለት። ቀዱለት፤ አልሞሉትም። ቀጥለው ለራሳቸው ቀዱ። ያንንም አልሞሉትም!

"እንዴ፣ ለራሳቸውም?" አለ ብቻውን። ትንሽ አሰበና ተነሳ።

"ዋቅጅራ፣ አንድ ጊዜ ያዝልኝ።"

"ወዴት ነው?"

"አንድ ነገር ልጠይቅ።"

"አንተ? ልትጠይቅ?" ዋቅጅራ ዝናቡን ረስቶ ከመስታወት ቤቷ ወጥቶ አየው።

ደንበኛው ሄዷል። ዓምደሚካኤል በሩ ላይ ቆሞ እያንጠባጠበ፣ "ሚስስ ሹ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲኒው ለምንድን ነው የማይሞላው?" አላቸው።

"ከሞላ በምን ትይዘዋለህ? ጆሮ የለውም። ያ ባዶው ለጣትህ ነው፣ ለሽታውም ነው። ደግሞ እኛ ዘንድ ለእንግዳ ሞልቶ መስጠት ነውር ነው። 'በቃህ፣ ሂድልኝ' እንደማለት ነው።" እዚህ ላይ ቀና ብለው አዩት። "አንተ ሞልተህ ሰጠኸኝ። ሂጂ ያልከኝ መስሎኝ ነው የሄድኩት።"

ዓምደሚካኤል ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። "በስመ አብ! እኛ ዘንድ እኮ ሙሉው ነው ክብሩ! ጎዶሎው ነው ነውሩ።"

"ስለዚህ አንተም ተቀይመኸኝ ነበር?"

"ትንሽ።"

"ዊንተሩን ሙሉ?"

"ዊንተሩን ሙሉ።"

ሚስስ ሹ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ሳቃቸው አደፋፈረውና ስለ ስንጥቁም ጠየቀ። ያቺኑ የመጀመሪያዋን ሲኒ አምጥተው ውሃ ጨመሩባትና፣ "ውጭዋን ዳስስ" አሉት። ደረቅ ናት።

"የተሰነጣጠቀው ላይኛው ልባሱ ብቻ ነው፤ ከእሳት ሲወጣ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ሴላደን ይባላል ዕቃው። ሻይ በተጠጣባት ቁጥር መስመሯ እየጠቆረ ይሄዳል። ይቺን ያጠቆራት ባሌ ነው። ነፍሱን ይማርና፣ የእሱ ሲኒ ነበረች።"

ዓምደሚካኤል ሲኒዋን በሁለት እጁ ያዛት። ያን ቀን የተቀዳለት በሟች ባላቸው ሲኒ ኖሯል።

ሲወጣ ትንሽ ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። ማታ ስሂን ተቀበለችው፤ በራዱን ጣደች፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨመረችበት፣ እስኪንተከተክ አፈላችው። የወጣው ነገር መራራ ሆነ።

"ይሄ ጎመን ነው" አለች ቀምሳ። "ጎመን እንኳን ስንት ነገር ይገባበታል።"

በማግስቱ ይሄን ሲነግራቸው ሚስስ ሹ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው አሳዩት። ውሃው ፈልቶ ትንሽ ማረፍ አለበት፤ ቅጠሉ ለጋ ነው፣ ይቃጠላል። ስሷ ሴላደን ሙቀቱን ቶሎ ትለቃለች፣ የሻዩንም ቀለም አትደብቅም፤ ለጋውና አረንጓዴው የእሷ ነው። ለጥቁሩና ለጠንካራው ደግሞ መደርደሪያው ላይ ቡናማ የሸክላ ማንቆርቆሪያ አለ። ሁሉም ከአቻው ጋር።

"አሁን ዋጥ። አታውራ።"

"አላወራሁም።"

"ጥሩ ተማሪ ነህ። ጣፋጩ ከዋጥክ በኋላ ነው የሚመጣው። ጠብቅ።"

ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ለይሉኝታ "አዎ፣ መጣ" አላቸው።

"አልመጣም። ፊትህ ያስታውቃል።"

ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል እየተሻገረ መሄድ ጀመረ። ዋቅጅራ "ቻይናዋ ጠለፉህ" እያለ ያበሽቀዋል። ስሂን ደግሞ በየማታው ኪሱን ትፈትሻለች። ፔርሙዙን መጀመሪያ ግማሽ አደረገው፣ በኋላ እቤት ረሳው፣ ከዚያ ለማምጣትም አላሰበ። አንድ ቀን ሲኒውን አስቀምጦ መንገደኛውን እያየ ሳለ፣ ጉሮሮው ላይ አንዳች ነገር ጣፈጠው። በጣም በሩቁ፤ ጥንቅሽ አኝከው ከተፉ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረው ዓይነት። ቀና ሲል ሚስስ ሹ እያዩት ነው። ማንቆርቆሪያውን አንስተው ደገሙለት።

የቀጠሮው ዕለት ሐኪሙ ኮምፒዩተሩን አየ፣ ደግሞ አየ። ቁጥሩ ወርዷል።

"መርፌውን እንተወዋለን። በዚሁ ቀጥል። ምን አደረግክ?"

"ሻይ ቀየርኩ" አለ ዓምደሚካኤል።

ስሂን ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ እልልታዋን አቀለጠችው። አንዲት ነርስ ደንግጣ ከክፍል ወጣች። "ሶሪ፣ ሶሪ" እያለ ሚስቱን እየገፋ ወደ ሊፍቱ አስገባት፤ ግን እሱም እየሳቀ ነበር።

በማግስቱ ለሚስስ ሹ መንገር እንዳለበት ተሰማው። ስለ ሕመሙ እስከዛሬ ትንፍሽ አላለላቸውም፤ ያፍር ነበር። መቀመጫው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነገራቸው፤ ስለ ስኳሩ፣ ስለ መርፌው፣ ሐኪሙ ስላለው። ሚስስ ሹ የሻይ ፎጣቸውን እያጠፉ ሰሙት። ፊታቸው ኮስተር አለ።

"እንግዲያው ሻዬን እንደ መድኃኒት ነው ስትጠጣው የከረምከው?"

አይደለም ሊል ነበር። ግን ፊቱ እንደሚያስታውቅ ነግረውታል።

"መጀመሪያ፣ አዎ" አለ። "አሁን ግን ስኳሩ ባይኖርብኝም እመጣለሁ።"

ሚስስ ሹ ፎጣውን አስቀመጡና ውሃ ጣዱ። ከማዶ መኪና ጡሩንባ ነፋ፤ ዋቅጅራም በሁለት እጁ ይጠራዋል። ዓምደሚካኤል ሊሄድ ብድግ አለ። ውሃውን አየ፤ ገና ነው።

"ዋቅጅራ አለ" ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።