የጋሽ ባትሪ ስልክ

ሾፌሮቹ ጋሽ ባትሪ ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ኖሮ ጋራዡን ዘግቶ ቤት ከዋለ በኋላም ስልኩ አላረፈም። ቁጥሩ ከሾፌር ወደ ሾፌር ተዛምቶ፣ መንገድ ላይ መኪናው አልነሳ ያለው ሁሉ ይደውልለታል። ምሳ ላይም ቢሆን ማንኪያውን አስቀምጦ ብድግ ይላል። "ቁልፉን አዙርና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋልኝ" ይልና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አንዴ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ አንድ ነገር ነው፤ ጠቅጠቅጠቅ ካለ ሌላ፤ ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ሌላ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ቀላል ነው፤ የላላ የባትሪ ገመድ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ ማርሽ ውስጥ የተረሳ መኪና። እሱ ግን በማንም ስቆ አያውቅም። በረሃ መሀል ብቻውን የቆመ ሰው ጭንቅላቱ ቀጥ እንደሚልበት ያውቃል።

ሚስቱን ይህ ስልክ ያንገሸግሻት ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ተተክሏል። "እኔ ያገባሁት አንድ ወንድ ነው፤ አንተ የአገሩን ሾፌር ሁሉ ይዘህብኝ መጣህ" ትለዋለች። ስልኩ ሲጮህ ሆን ብላ ፔዳሏን አጥብቃ ትረግጣለች። እሱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እሷ ይብስባታል። እንዲህ እየተደናቆሩ አረጁ።

ከዚያ ጉሮሮው ታመመ። መጀመሪያ ብርድ መስሎት ናቀው። ድምፁ እየሻከረ ሄዶ አልሻል ሲለው ሐኪም ቤት ገባ። ቀዶ ጥገናው ነፍሱን አተረፈለት፤ ድምፁን ግን ወሰደበት። ቤት ሲመለስ ከአፉ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ጠያቂ ሲመጣ ፈገግ ይላል፤ ጠያቂ ሲወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ከሁሉም የከበደው ስልኩ ነበር። ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ያቆማል። ማንሳቱንስ ያነሳው ነበር፤ አንስቶ ምን ሊል? የሚደውለው ሰው የት እንደቆመ፣ ፀሐዩ እንዴት እንደሚያነደው እያሰበ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ይዞት ሳለ ስልኩ ሲጮህ ሚስቱ ከስፌቷ ተነሣች።

"አምጣ ወዲህ! ሰውዬው ሌላ ሰው እንዲፈልግ እንኳ ልንገረው" ብላ ከእጁ ነጠቀችው። "ሄሎ? የለም፣ ባለቤቱ ነኝ። አሞታል፣ መናገር አይችልም…" ግንባሯን ቋጠረች። "ምንድን ነው እሱ የሚንጫጫው?"

ለእሱም ከስልኩ ጠርዝ ይሰማው ነበር፤ ቀጭን፣ ማቆሚያ የሌለው ጭውጭውታ።

"ጫጩቶች ናቸው" አለችው ዞር ብላ። "ገና አሁን የተፈለፈሉ። መኪና ሙሉ ጫጩት ጭኖ ፀሐይ ላይ ቆሟል። መኪናው ካልሄደ ነፋስ የላቸውም፣ ማለቅ ጀምረዋል ይላል። ሰውዬው ሊያለቅስ ነው።"

ጋሽ ባትሪ ተነሥቶ በእጁ ቁልፍ የማዞር ምልክት አሳያት።

"ቁልፉን አዙረው ይልሃል። መብራት አለ? ስታዞረውስ?"

የስልኩን ድምፅ ሊያጎላው እጁን ሲዘረጋ መታ አደረገችው። "አትንካ፣ ይቋረጥብኛል!" ሾፌሩ ምን እንደመለሰ አልሰማም። እንዲሁ በግምት ማንኪያ አንስቶ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረገ፤ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ በመዶሻ መታ መታ ያድርገው ማለቱ ነው።

ራሷን ነቀነቀች። "አይደለም። ሲያዞረው መብራቱ ሁሉ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጠቅ እንኳ አላለም። እሱማ ገመድ ነው።"

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

"ስማኝ ልጄ" አለች ወደ ስልኩ። "የእጅ ብሬክህን ያዝ፣ ማርሹን አውጣ፣ ቁልፉን አጥፋ። ቀለበት አድርገሃል? አውልቀው፣ ኤሌክትሪክ እንዳያቃጥልህ። አሁን ባትሪዎቹ ላይ ያሉትን የገመድ አንገቶች አንድ በአንድ ነቅንቅ። አይነቃነቁም? እንግዲያው ጥቁሩን ገመድ ተከትለህ ሂድ። ሄዶ ሄዶ የመኪናው አጥንት ላይ ይታሰራል፣ ሻንሲው ላይ። እዚያ ምን ይታይሃል?"

ጭውጭውታው ብቻ ተሰማ።

"ዝገት! እሰይ! ቆይ፣ አትንካው፤ መጀመሪያ ጥቁሩን ከባትሪው ላይ ፍታ። ከዚያ ያንን ቡሎን ፈትተህ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍገው። ቢላዋም ይሆናል። ስታበቃ ሁለቱንም መልሰህ አጥብቀህ እሰርና አስነሳው።"

ጋሽ ባትሪ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቃሎቹ የራሱ ነበሩ፤ "የመኪናው አጥንት" የሚለው ሳይቀር የእሱ ነው። ፔዳሏን እየረገጠች ስታጉረመርም የኖረችው ሴትዮ አንድም ቃል አላመለጣትም። ደስ አለው፤ ደስታው ግን ብቻውን አልመጣም። ሌላ ሰው በቦታው ቆሞ ሲሠራ ማየት ከበደው፤ ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ደግሞም አሰበ፤ ያን ሁሉ ዘመን እሱ እሷን እንዲህ አዳምጧት ያውቃል? ስለ ስፌት ስታወራ የሰማውን አንድ ነገር ለማስታወስ ሞከረ። አልመጣለትም።

በስልኩ ውስጥ የሞተር ጉርምርምታ ተነሥቶ ጫጩቶቹን ዋጣቸው።

"ተነሣ! ተነሣ!" ብላ ጮኸች። "ምስጋናውን ተወው፣ ንዳ! መንገድ ላይ እንዳታጠፋው!"

ስልኩን አስቀምጣ ተቀመጠች።

እሱ ወደ ጆሮዋ አመለከተ፤ ከዚያም እጁን በጥያቄ ዘረጋ።

"ምን ላድርግ? አንተ ስትጮህ እንኳን እኔ ግድግዳው ተምሯል።"

ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሏት ደንግጣ ተጠጋችው፤ እየሳቀ ነበር።

ውሎ አድሮም ድምፁ ከሹክሹክታ አላለፈም። ስልኩን አሁን የምታነሳው እሷ ናት፤ ድምፅ ማጉላቱንም ተምራ መሀላቸው ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። እንደ ድሮው ይጨቃጨቃሉ። እሱ ጠረጴዛውን ሲመታ "ቆይ፣ ሰውዬው ይጨርስ!" ትለዋለች። አንዳንዴ እሷ ያልለየችውን ድምፅ እሱ ይለያል፤ ያን ጊዜ እንደ ልጅ ደረቱን ይነፋል። እሱም አመሻሽ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ስፌቷ በሹክሹክታ ይጠይቃታል። መጀመሪያ "ምን ነካህ?" ብላው ነበር፤ አሁን ትመልስለታለች።

በቀደም አንድ የድሮ ሾፌር ደውሎ፣ "ጋሼስ እንዴት ናቸው? ድምፃቸው ናፈቀን" አላት።

ቀና ብላ ባሏን አየችው።

"እኔንም ናፍቆኛል" አለች፤ ከዚያም ሾፌሩን የት እንደቆመ ጠየቀችው። ጋሽ ባትሪ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።