ሜዳ ላይ የተፈወሰች መኪና

መኪናዬ ዳገት ስትወጣ ሞተሯ እያንኳኳ ስላስቸገረኝ ላፕቶፕ ላነገተ አንድ መካኒክ ሰጠኋት። ላፕቶፑን ከሞተሯ ጋር ያገናኝና የነዳጇን መጠን ጨመር ቀነስ አድርጎ ሊሞክራት ይወጣል። የት? ጣና ዳር፣ ዘንባባው ሥር፣ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ባለው አስፋልት ላይ! ክርኑን በመስኮት አውጥቶ፣ ካፌ የተቀመጡትን ሴቶች እያየ ይንሸራሸርባታል። ተመልሶ፣ «ጋሼ፣ አሁን ድምፅ የሚባል የለም» አለኝ። ሜዳ ላይማ ማን ያቃስታል? ሞተር የሚያንኳኳው ሲከብደው ነው። አጠገቤ አስቀምጬው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ነዳሁ። ገና ግማሽ ሳንደርስ ሞተሩ እንደ አንጥረኛ መዶሻ ማንኳኳት ጀመረ። ዞር ብዬ አየሁት፤ አላፈረም።

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር እኮ ሜዳ ናት፤ እርስዎን ዳገት ምን አስወጣዎት?»

ለካ መኪናዋ ተስተካክላለች፤ ያልተስተካከልሁት እኔ ነኝ።