ለጥጆቹ የዘጋሁት መስኮት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ለማንም በወጉ አውርቼው አላውቅም። የዚያ ሳምንት ድካም እስካሁን ከላዬ አልወርድ ስላለኝ ዛሬ ልጻፈው አልኩ።

የምኖረው ከዙሪክ ወጣ ብሎ ዲቲኮን ነው። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ዳር ባለች አንዲት የከብት እርባታ እሠራለሁ፤ ከሰዓት መጋዘን ገብቼ ካርቶን አነሣለሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ። እዚህ እስክመጣ ድረስ ላም ነክቼ እንኳ አላውቅም ነበር።

የእርባታው ባለቤት ፍራው ሩት፣ በእኛ ወይዘሮ ሩት እንደማለት ነው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። በዚያ ሰሞን በረዶ አንሸራቷቸው እጃቸው ተሰበረና ቤት ዋሉ። "ጥጆቹን ለአንቺ ትቻለሁ" አሉኝ። እኔ ደግሞ አደራ ከተሰጠኝ እንቅልፍ የለኝም።

ብርዱ ለጉድ ነበር። የቧንቧው ውኃ በረዶ ስለሆነ ከቤት ሙቅ ውኃ በባልዲ ሳመላልስ ወገቤ ቁርጥ ይላል። ጣቶቼ አይሰሙኝም። የበረቱ መስኮቶች ደግሞ ክረምት ከበጋ ክፍት ናቸው። ከተወለደ ሳምንት ያልሞላው ትንሹ ጥጃ በዚያ ብርድ ትንፋሹ እየጨሰ ሲያየኝ አንጀቴን በላው። እነዚህ ሰዎች ሲጨክኑ አልኩ በሆዴ።

ብርድ ሰውን እንዴት እንደሚመታ መቼም እኛ እናውቃለን። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ። የበሩን ስንጥቅ በጆንያ ጠቀጠቅሁ። ጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት በላስቲክ ሸፈንኩት። በረቱ እንደ አራስ ቤት ሞቀ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ትንሹ ጥጃ ማሳል ጀመረ። ብርድ የሚገባበት ቀዳዳ ቀርቷል ብዬ ሌላ ጆንያ ፈለግሁ። በማግስቱ ጡጦውን አልቀበል ብሎ ተኛ። ያኔ ወደ ፍራው ሩት ሮጥኩ።

የተሰበረ እጃቸውን አንገታቸው ላይ በጨርቅ አንጠልጥለው መጡ። በሩን ሲከፍቱት የከብቱ ሽንት ሽታ አስለቀሳቸው። እኔ ለካ ለምጄው ኖሯል። በደህናው እጃቸው መስኮቶቹን ይከፍቱ ጀመር። እኔ ጉደኛዋ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ አንዱን መልሼ ዘጋሁት።

"ብርድ ይመታዋል እኮ፣ ፍራው ሩት" አልኳቸው።

"ደረቅ ገለባና ወተት እስካለው ድረስ ብርዱን ይችለዋል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ያልቻለው ይኼን አየር ነው።"

የከብት ሐኪሙ መጥቶ ጥጆቹን መርፌ ወጋቸው። የሳንባ ምች ነው አለ። ሌሎቹ ተረፉ። ትንሹ በማግስቱ ጠዋት ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ እንዳደረገ ሞተ።

"የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ያሰናብቱኝ" አልኳቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "የቀሩት ገና አልጠጡም" አሉና ባልዲውን በአንድ እጃቸው ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ተቀበልኳቸው።

አሁንም እዚያው ነኝ። ውርጭ ሲሆን ገለባ እጨምርላቸዋለሁ፣ መስኮት አልነካም። ጓደኞቼ "ጥጃ እኮ ነው፣ እርሺው በቃ" ይሉኛል። እውነታቸውን ይሆናል። ግን እሱ ውስጥ ሆኖ ሲታፈን፣ እኔ በሩን ዘግቼ ደግ ሠራሁ ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ እሄድ እንደነበር ሳስበው እስካሁን ያመኛል።