የዳኛ ደምሌ ዓይንና ደብተር

በጃንሆይ ዘመን፣ በስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ፣ ደምሌ የሚባል አጥቢያ ዳኛ ነበር። ባለጉዳይ አፉን ሳይከፍት ውሸታሙን በዓይኑ ይለያል፤ ይህን የሚለው እንግዲህ ራሱ ደምሌ ነው። ዳኛ ፊት ያቀረቀረ ሁሉ የደበቀው ነገር አለው፣ ቀና ብሎ የሚያይ ንጹሕ ነው። በዚህ እምነት አሥር ዓመት ፈርዷል።

የነፍስ አባቱን ቄስ ገብረ ሥላሴን አንድ ቀን ጉራው ሰለቻቸው። "እስቲ ጻፈው ልጄ" አሉት። "ሙግቱ ሳይጀመር ማን እንደሚዋሽ ጻፍ፤ ምስክር ተሰምቶ እውነቱ ሲወጣ ከጎኑ አስፍር።"

ደምሌ ቄሱን ላሳፍር ብሎ ደብተር ገዛ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጻፈ። ከሃያ ሦስት ሙግት አሥራ አራቱን ስቷል! መጀመሪያ በምስክሮቹ ተናደደ፣ ቀጥሎ በቄሱ፣ በመጨረሻ በደብተሩ። ገጹን ሊቀደው ሲል ሚስቱ ሐረገ ወይን ከእጁ ነጠቀችው።

"ደብተሩ ምን አደረገህ? ጨዋ ያሳደገው ሰው ዳኛ ፊት አያቀረቅርም? እኔስ አባትህን ቀና ብዬ አይቼ አውቃለሁ? የሌባ ዓይነ ደረቅ ሲባል አልሰማህም?"

ነገሩ አንገበገበው። ልጅ እንኳ የሚያውቀውን እሱ ዳኛው አላወቀም። ይባስ ብሎ ጌጤ ትዝ አለችው። ደብተሩን ከመግዛቱ በፊት፣ ይቺ ባሏ የሞተባት ሴት አቀርቅራ ስለቆመች ብቻ፣ ሁለቱም "የገዛሁት እኔ ነኝ" ያሉትን የእርሻ በሬዋን ለጎረቤቷ ለንጉሴ ፈርዶባት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰው ጥማድ እየለመነች ነው የምታሳርሰው። ደምሌ በሬውን የሸጠውን ሰው ከአርብ ገበያ ድረስ አስጠራ።

"የሸጥሁትማ ለጌጤ ነው" አለ ሰውዬው። "ያኔ ማን ጠየቀኝና!"

ደምሌ እየተብከነከነ ፍርዱን ሊያቃና ከሳሽና ተከሳሽን አስቀረበ። ጌጤ ዓይኗን ዓይኑ ላይ ተክላ፣ "ንጉሴ የወሰደብኝ ሁለት በሬ ነው፤ ሁለቱንም ይመልስ" አለች።

"አንድ ነው! ሻጩ መስክሯል!" ብሎ ጮኸ ደምሌ። "ምነው አንቺ ሴት፣ እውነት ይዘሽ ለምን ትዋሻለሽ?"

"ያኔም እውነት ይዤ ነበር ጌታዬ። አቀርቅሬ ቆሜ አንዱንም አጣሁ። እርስዎ ፊት የሚያዋጣው ቀና ብሎ መዋሸት መሆኑን ከንጉሴ ተማርሁ።"

ደምሌ አንዱን በሬ መልሶ ፈረደላት። ከዚያ ደብተሩን ገለጠና ውሸቱን በማን ስም እንደሚጽፈው ግራ ገብቶት ተቀመጠ።